የአያ ገዱ ብረት

ደባርቅ፣ ሰኔ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ይስማው፣

እንደምን ከርመሃል? አባትህ አያ ገዱስ ጤናቸው እንዴት ነው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔም፣ ጋራዡም፣ ደባርቅም፣ ብርዱም ደህና ነን። ሰላምታውን ስላሳጠርሁት አትቀየመኝ፤ ወሬው እጄን አላስቀምጥ ብሎታል።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው! እትዬ ሸጊቱ ላንድሮቨሯን ሰጡን። "ሰጡኝ" አላልሁም፣ "ሰጡን" ነው ያልሁት። ዳባት ግቢያቸው ሄጄ ሳያት ሽማግሌ ጠርተው፣ "ግማሿ የሾፌሩ ልጅ፣ ግማሿ የቀጥቃጩ ልጅ ናት። ነፍስ ያቆዩላት አባቶቻችሁ ናቸው" ብለው መረቁን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ዶሮ ሲያድርባት የኖረችው ያችው ናት። አባቴ አለምነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪዋን ይዞ፣ አያ ገዱ በወናፍና በመዶሻ እየጠገኑ፣ ስንት ዘመን ጎንደር ያመላለሷት ላንድሮቨር!

"ምን ተርፏታል?" ላልኸኝ፣ አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አልደፈረውም። የታች አጥንቷ ሻንሲው ግን አንዳንድ ቦታ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሞተሩ ደርቆ ተጣብቋል። ወንበሩ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። መሪው ላይ የአባቴ መዳፍ የላጠው ቦታ ግን እስካሁን ያበራል። እጄን እዚያ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ዋናውን ስማ። የኋላ ግራ ጎማዋን አውርጄ ጭቃውን ስፍቅ፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ ብረት ከሌሎቹ ተለየብኝ። ፋብሪካ የሠራው አይደለም፤ በእጅ የተቀጠቀጠ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ነጥብ ተመትቶበታል። አያ ገዱ ማረሻ ሁሉ ላይ የሚመቱት ሦስት ነጥብ! ብቻዬን ስጮህ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መኪና የወደቀብኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

መቼ እንደሠሩት፣ ለምን እንደሠሩት ጠይቅልኝ። አባቴ ስለዚህ ብረት አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ደምለው

ቤርሸባ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ደምለው፣

ደብዳቤህን ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ሆኜ አነበብሁት። ሳንድዊቼን ማን እንደበላው እስካሁን አላውቅም።

እዚህ እስራኤል ስላለው ሥራ ቦታዬ ለጠየቅኸኝ፣ አሮጌ መኪና ብቻ የሚታደስበት ቤት ነው። መኪናዋ ስትገባ በየማዕዘኑ ፎቶ እናነሳታለን፣ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን እንፈታታታለን፣ ከዚያ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረችው እንገጥማታለን። አለቃዬ ፋብሪካው ያላሰበውን ነገር የሚጨምርበትን ሰው አይወድም። እኔም እንደ እርሱ ሆኛለሁ። ስለዚህ አትናደድብኝና የአባቴን ብረት አውጣው። ከተፈታታች ላንድሮቨር ላይ እውነተኛውን አግኝቼልሃለሁ። እርሱንና የካርቡራተር ዕቃ ወደ ጎንደር በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ።

አባቴን ስለ ብረቱ ጠየቅሁት። ያንተ አባት ትንፍሽ አላለም ካልህ፣ የእኔውም ያው ነው። ብቻ፣ "ከኋላ በግራ በኩል ያለው አግዳሚ ወንበር አለ?" አለኝ። "አባዬ፣ ስለ ብረቱ ነው እኮ የጠየቅሁህ" ብለው፣ "ስለ አግዳሚው ጻፍለት" ብሎ ተቆጣ። እንግዲህ ጻፍሁልህ።

ደስታውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ከጥምቀት በኋላ እንመጣለን! አባቴ ሌላ ነገር አያምረውም፤ በዚያች ላንድሮቨር ተሳፍሮ መንደራችንን ማየት ነው የሚሻው። ልቡ ደካማ ነው፤ "የሚመጣው ዓመት" ማለት ትቷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ በጥር መሄድ አለባት። ብትገፋም ትሂድ፣ ብቻ ትሂድ።

ይስማው

ደባርቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይስማው፣ የእናቴ ልጅ ብልህ ያንሰኛል!

ጥር! ጥር! ይኸው ከደብዳቤህ ወዲህ ጋራዡ ሠርግ ቤት ሆኗል። መንገደኛው ሁሉ "ደረሰች?" እያለ ያልፋል። ለአያ ገዱ ንገርልኝ፤ ባሰቧት ቀን እግራቸው መሬት ሳይነካ መንደራቸው ደጃፍ አደርሳቸዋለሁ።

አግዳሚው አለ፤ ግን ከመኪናዋ አውርጄዋለሁ። ጋራዡ በር ላይ አኑሬው ደንበኛ ይቀመጥበታል። በእርሱ ፈንታ ፊት ለፊት የሚያዩ፣ መደገፊያ ያላቸው የሚኒባስ ወንበሮች ገጥሜያለሁ። ሽማግሌ ሰው ጎኑን ይዞ ለምን ይንገላታ?

"እንደ ነበረች አድርጋት" ላልኸኝ ግን፣ እንደ ነበረች ከሆነች በብርድ ትገድለናለች! ቤርሸባ ላይ ሆነህ ሙቅ አገር ነው የምታስበው። ከራዲያተሩ በቱቦ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነገር ሠርቼላታለሁ፤ ጣራዋን በብርድ ልብስ ለብጬዋለሁ። የኋላ በሯን ሰፋ አድርጌያለሁ። አለቃህ ቢያያት ያለቅሳል፤ ደባርቅ ቢያድር ግን አቅፏት ያድራል።

በብረቱ ነገር ተሸንፌልሃለሁ። የላክኸውን ገጥሜያለሁ፤ አለቃህን ፈርቼ ሳይሆን አንተን አክብሬ ነው። የአባትህን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበር ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ለመጣል እጄ አልታዘዘም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሞተሩ አይነሳም። እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ አየር አለ፤ እርሷ ግን ኩርፊያ ላይ ናት። ክረምቱ ሳይወጣ እናስታርቃታለን።

ደምለው

ደባርቅ፣ መስከረም 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይስማው!

ተነሳች! ተነሳች! ተነሳች!

እንኳን አደረሰህ ማለቱን ረስቼ ነበር፤ እንኳን አደረሰህ። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት በማኖቬላ፣ በሞተር ማዞሪያው ብረት፣ ባዞራት ተነሳች! ድምጿ ያው የልጅነታችን ድምፅ ነው። ዳባት ትምህርት ቤት ሆነን ሳናያት የምናውቀው ድምፅ! እትዬ ሸጊቱ እልል ሲሉ ነጠላቸው ወደቀ። እኔ አልቅሻለሁ፤ ለማንም እንዳትነግር።

ሌላም የምነግርህ አለ። ዛሬ ግን ደስታው ይበቃናል።

ደምለው

ቤርሸባ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1995 ዓ.ም.

ደምለው፣

ደብዳቤህን እያውለበለብሁ ጋራዡ ውስጥ እስክስታ ወረድሁ። አለቃዬ ምን ሆንህ ቢለኝ፣ "ወንድም ተወለደልኝ" አልሁት። እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ላስረዳው ብል ሥራ ሊቀር ነው።

ግን ምንድን ነው እርሱ "ሌላም የምነግርህ"? አውቅሃለሁ እኮ። ልጅ ሆነን የመሪጌታ ድረስን ማሰሮ ስትሰብርም ከደስታው ነው የጀመርኸው። ስለ ጎማዎቹም አንድ ቃል አልጻፍህልኝም። የአየር ትኬቱን ቆርጠናል፤ አባቴ ሻንጣውን አሰናድቶ አልጋው ሥር አስገብቷል። የተበላሸ ነገር ካለ ሳልሰማው አልምጣ።

አባቴ ስለ አግዳሚው ድጋሚ ጠይቆኛል። ምን እንደያዘው እግዜር ይወቅ። "አልጣለውም፣ በር ላይ ነው" ስለው፣ "ዝናብ ይመታዋል" ብሎ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ይስማው

ደባርቅ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ይስማው፣

አግዳሚውን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ለአያ ገዱ ንገርልኝ። በዚህ ልጀምር ብዬ ነው፤ የሚቀጥለው ከባድ ነው።

ያን ዕለት ሞተሩ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሰዉ ተሰብስቧል፣ እትዬ ሸጊቱ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል፣ የደረስጌ ማርያሙ መሪጌታ ድረስም ለገበያ ወርደው እርሳቸውም ቆመዋል። ማኖቬላውን ሳዞር ክንዴ ዝሎ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ ከኋላ "ለድስት አቅልጣት!" ብሎ አሳቀ። ደሜ ፈላ። ቀና ብዬ ጮኽሁ፣ "እመቤቴ የደረስጌዋ! ይህቺን ሞተር ብቻ አስነሽልኝ፣ መኪናዋ ከነጎማዋ ያንቺ ትሁን!"

በዚያው እጄ ባዞራት ተነሳች።

ይስማው፣ ጃንጥላ እሳላለሁ ብል ምን ነበረበት? መጋረጃ ብል? ጧፍ ብል? ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይሳላል! እኔ ብቻ ነኝ መኪና ከነጎማዋ። ደግሞ በልቤ ብዬው ቢሆን ከእመቤቴ ጋር እንነጋገር ነበር። ገበያው ሁሉ ሰምቷል። በአገራችን በአደባባይ የተነገረ ስለት እንዴት ይዋጣል? ቀጥሎ ቤቴ መብረቅ ቢወድቅ ማን ያዝንልኛል?

ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ለኅዳር ጽዮን የስለቱ ዕቃ ሁሉ ደረስጌ ደጀ ሰላሙ ላይ በጨረታ ይሸጣል። ጃንጥላው፣ ሙክቱ፣ ከዚያ ላንድሮቨሯ። ወሬው ጎንደር ደርሶ አንድ የሆቴል ባለቤት እየዛተ ነው። ለምን እንደሚፈልጋት ታውቃለህ? ግቢው መሐል አቁሞ አበባ ሊተክልባት ነው! በሞተሯ ቦታ አፈር፣ በአፈሩ ላይ አበባ!

ከጨረታው በኋላ ነው አያ ገዱ የሚመጡት። ይኸው ነገርሁህ። ስደበኝ።

ደምለው

ቤርሸባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ደምለው፣

እሰድብሃለሁ። ቂል! አፈ ልቅ! ማኖቬላ ራስ!

ግማሿ የእኔ ናት። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ግማሽ መኪናዬን ለደረስጌ ማርያም ስትሳልብኝ ትንሽ አላሳፈረህም? አለቃዬ ከገባው ወዲህ ጎኑን እስኪያመው ስቋል፤ "የትኛው ግማሽ ነው የተሳለው፣ የፊቱ ወይስ የኋላው?" እያለ ሰው ይጠራል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህን ሁሉ ወር በሕልሜ አባቴን ጋቢውን ለብሶ እዚያች መኪና ውስጥ ሳየው ነበር። አሁን የሆቴል አበባ መሐል ላስጎበኘው ነው?

ደብዳቤህን ላላነብለት ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን አይቶ አስነበበኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ስለት ነው፤ ይስጥ። እመቤታቸውን አያስቀይማት" አለ። ከዚያ፣ "አግዳሚውንም ተሳለው?" አለኝ።

እኔ እንጃ ደምለው። ስጥ እንግዲህ። ሰደብሁህ፣ አሁን ቀለለኝ። ግን እስከዚያ ድረስ በደንብ ንዳት፤ በእኔም ፋንታ ንዳት።

ይስማው

ደባርቅ፣ ኅዳር 26 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይስማው! ቁጭ ብለህ አንብብ! አያ ገዱንም አስቀምጣቸው!

ስድብህ ደርሶኛል፤ ሁሉም ተገቢ ነው፣ ከ"ማኖቬላ ራስ" በቀር።

ለበዓሉ ዋዜማ በጃናሞራ መንገድ ወጣሁ። እትዬ ሸጊቱ ከፊት፣ ከኋላ ሦስት ጃንጥላ፣ አንድ ሙክት፣ ጸሎት የማያቋርጡ ሁለት ባልቴቶች። እንዴት እንደወጣች ብታይ! ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች፣ የሠራሁት ሙቀት ባልቴቶቹን እያስተኛ፣ እኔ እየዘፈንሁ፣ እትዬ ሸጊቱ "በጾም አይዘፈንም" እያሉ እየሳቁ። ዓይኔ እያየ ላጣት መሆኑን እንኳ ረሳሁ።

ደረስጌ ልንደርስ ስንል ጧ! ኋላ በግራ ተቀመጠች። የላክኸው ብረት ነው። ውስጡ አሮጌ ስንጥቅ ነበረው፤ እኔም አንተም አላየነውም። ለአለቃህ አትንገረው፤ ወይም ንገረው። ከወንበሩ ሥር የዘይት ጨርቁን ፈታሁ፤ የአያ ገዱን ብረት አወጣሁ፤ መንገዱ ላይ ተጋድሜ ገጠምሁት። ቦታውን ያውቀዋል፤ ሳልገፋው ገባ።

በማግስቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ጃንጥላው ተሸጠ፣ ሙክቱ ተሸጠ። የሆቴሉ ሰውዬ እጁን እያሻሸ ቀረበ። ቄሰ ገበዙ ዞረው ሲያይዋት ከጎማው ሥር አጎንብሰው፣ "ይህ ምንድን ነው?" አሉ። የሦስት ነጥቡን ነገር፣ በመንገድ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። መሪጌታ ድረስ ወደ ሕዝቡ ዞረው ምን አሉ መሰለህ?

"ደምለው በተሳለበት ቀን ይህ ብረት መኪናዋ ላይ አልነበረም። ከወንበር ሥር ነበረ። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ በሕይወትም አለ። ባለቤቱ ያልተሳለውን እመቤታችን አትቀበልም።"

"እንግዲያው ይውለቅ" አለ የሆቴሉ ሰውዬ።

"አውልቀውና ቁልቁለቱን ተሸክመሃት ውረድ" አሉት እትዬ ሸጊቱ። ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናጋ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። አያ ገዱ ይጠየቁ። ብረቱን ከሰጡ እንዴት እንደሚሰጡ እርሳቸው ይናገሩ፤ ካልሰጡ ይዘውት ይሂዱ። እስከዚያ ጨረታው ቆሟል፤ መኪናዋም እኔ ዘንድ በአደራ ናት።

ስለዚህ አያ ገዱ፣ ልጅዎ ደምለው እግርዎ ላይ ወድቄ እጠይቃለሁ። ቃልዎ ምንድን ነው?

ደምለው

ቤርሸባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

ደምለው፣

ጽሕፈቴን ታገሠኝ፤ አባቴ እየተናገረ ነው የጻፍሁት። እንዳለው ነው፣ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

"ደምለው ልጄ፣ እንዴት ሰነበትህ። የአለምነህ ልጅ በመሆንህ ደስ ይለኛል።

የይስማው እናት የትናየት፣ ምጥ ይዟት ልጁ አልወለድ አለ። በእኛ ሥርዓት ምጥ የያዛት ሴት ለብቻዋ ጎጆ ትገባለች፤ የነካት ሰው ውሃ ሳይወርድ መንደር አይገባም። ሴቶቹ ተስፋ ቆረጡ። እኔ ወደ መንገድ ወጥቼ ቆምሁ። አባትህ በላንድሮቨሯ ሲመጣ ፊቷ ላይ ተጋደምሁ። ምንም አልጠየቀኝም። ከኋላ በግራ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ አስተኛናት፤ ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ ነዳት።

ቁልቁለቱ ላይ ብረቱ ተሰበረ። መሣሪያዬን ይዤ ነበር። እሳት አነደድሁ፣ የማረሻ ብረት ነበረኝ፣ እያለቀስሁ ቀጠቀጥሁ። ብረቱ ሳይበርድ ይስማው አለቀሰ። እኔ እጄ እሳት ላይ ስለነበር ልጁን የተቀበለው አባትህ ነው። በነጠላው ጠቀለለው።

በኋላ ወደ ወንዝ ወረድሁ፤ ታጥቤ ነው የምገባው። አባትህ ተከትሎኝ ወረደ። 'አንተ ግድ የለህም፣ ክርስቲያን ነህ' ብለው፣ 'እኔም ይዤዋለሁ፤ ብቻህን አትወርድም' ብሎ ከነልብሱ ገባ። ውሃው በረዶ ነበር። የትናየት በመኪና መውለዷ አሳፍሯት እስክትሞት እንዳላወራ አስማለችኝ። አባትህም ለእኔ ብሎ ዝም አለ። አሁን እርሷም አረፈች፣ እርሱም አረፈ።

ብረቱን ሰጥቻለሁ። ቃሌ ይህ ነው። መኪናዋ አትሸጥ። የደረስጌ ትሁን፤ ከጃናሞራ ምጥ የጸናባትን ሴት ታውርድ። ነጂዋ አንተ ሁን። አግዳሚውን መልሰው።"

እኔ ተጨማሪ ቃል የለኝም ደምለው። ይህን ሁሉ ወር ስለ መኪናዋ ስንጻጻፍ የተወለድሁባትን ቤት እየጠገንህልኝ ነበር። ግማሼን እኔም ሰጥቻለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ለአለቃዬ አነበብሁለት። የምልክልህ ሌላ ማንጠልጠያ ብረት እንዳልፈልግ ነገረኝ፤ "ያ ነው ኦሪጅናሉ" አለ።

ይስማው

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ይስማው፣

ይህ ሳይደርስህ ልትነሣ ትችላለህ፤ ቢሆንም ሳልጽፍልህ አላድርም።

የአያ ገዱን ቃል መሪጌታ ድረስ በጉባኤ ፊት አነበቡት። ሲጨርሱ ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠርገው፣ "እመቤታችን ተቀብላለች" አሉ። የሆቴሉ ሰውዬ እንኳ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። የሚኒባሱን ወንበር በግራ በኩል ነቅዬ አግዳሚውን መልሼዋለሁ። ቀለም አልቀባሁትም።

ትናንት ደግሞ ሥራ ጀመረች። ከጃናሞራ ዓለምዬ የምትባል ሴት ምጥ ጸንቶባት አወረድናት፣ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ብረቱ አልተሰበረም፤ ልጁም በመንገድ አልተወለደም። እንዳንተ የሚቸኩል አይደለም።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ አታጡኝም። አያ ገዱ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ አንተ ከእኔ ጋር ከፊት። መጀመሪያ መንደራችሁ፣ ከዚያ ያንን ቁልቁለት እርሳቸው ያሳዩን። ከሥሩ ያለውን ወንዝም ያሳዩን። ጥር ነው፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ ግን ልውረድ ካልህ ብቻህን አትወርድም።

ደምለው